እንጦጦ ላይ 23 ሰው ቆጠርን፤ የኛ ሰዎች ግን 22 ነበሩ

ስልኩ የጠራው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የአንዷ ተጓዣችን እናት ናቸው። «ልጆች፣ እየተመለሳችሁ ነው? የሷ ስልክ ዝግ ነው» አሉን። እኛ እንጦጦ ላይ ነን፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጨለማ እየገባ ነው፤ ልጅቷን መፈለግ ከጀመርን ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። «እሺ እናቴ፣ ትንሽ ቆይተን እንደውላለን» ብለን ዘጋነው። አልዋሸንም፣ እውነቱንም ግን አልነገርናቸውም።

ከዚህ በፊት የጉዞ ምክር ስትጠይቁን «ውሃ ያዙ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ» እያልን ነበር የምናልፈው። ዛሬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለውን እንንገራችሁ።

እኛ መሪ ሠፈር ያደግን ሦስት ጓደኛሞች ነን። በእሁድና በበዓል ቀን የአንድ ቀን ጉዞ እናዘጋጃለን። ቢሮ የለንም፤ ያለን አንድ የቴሌግራም ግሩፕና አንድ የቴሌብር ቁጥር ነው። የዚያን ቀን የተመዘገበው 23 ሰው ነበር። ከመሪ ተነስተን በመገናኛና በስድስት ኪሎ አድርገን ሽሮ ሜዳ ደረስን፤ ከዚያ በታክሲ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑንና የምኒልክን ግቢ አየን፣ ምሳ በላን፣ ከዚያ በጫካው ጫፍ ጫፉን እግር ጉዞ ጀመርን።

9 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሜዳ ላይ አረፍንና ቆጠርን። 23። ልክ ነው ብለን ቀጠልን። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዷ «ጓደኛዬ የታለች?» ስትል ነው የደነገጥነው። እንደገና ቆጠርን፤ አሁንም 23። ለካ ከተጓዦቹ የአንዱ ወንድም ሽሮ ሜዳ ነው የሚኖረው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሊጠይቀው መጥቶ በዚያው ተቀላቅሎናል። ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው፣ ማንም እንግዳ ነው ብሎ አላሰበም። እኛም ራሱን ቆጠርነው።

ሦስታችንም ተከፋፍለን ፈለግን። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ጠየቅን፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዘበኛን ጠየቅን። እንጦጦ ማታ ጅብ እንዳለው የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ማናችንም ግን ቃሉን አልጠራነውም። 12 ሰዓት ከ50 ላይ እናትየው መልሰው ደወሉ። «ገብታለች። እያለቀሰች ነው» አሉ።

የሆነው ይሄ ነው። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሯት፣ አዲሱ ጫማም ተረከዟን ልጧት ቁጭ አለች። «ቀጥሉ፣ እደርስባችኋለሁ» አለች፤ እኛም ቀጠልን። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች፣ ማንም አልተመለሰም። ስልኳ ፎቶ ስታነሳ ስለዋለች ባትሪው አልቋል። ቅጠል ተሸካሚዎቹን ተከትላ እያነከሰች ሽሮ ሜዳ ወረደችና በታክሲ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። እናትየው ቡና አፍልተው ጠበቁን። ይቆጡናል ብለን ነበር፤ አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ግን እንዴት ነው የምትቆጥሩት?»

መልስ አልነበረንም።

አሁን አለን። ራስ አንቆጥርም፣ ስም ነው የምንጠራው፤ ልክ እንደ ትምህርት ቤት። መጀመሪያ ሰው ይስቃል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠሩ ግን ይለምደዋል። ሁሉም ሰው ጥንድ አለው፤ ጥንድህ ከቆመ አንተም ትቆማለህ። ከሦስታችን አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ነው የሚሄደው። ይሄን ሥራ ማንም አይወደውም፤ ፎቶ ላይ አትኖርም፣ ወሬው ፊት ነው ያለው፣ አንተ የደከመው ሰው ቦርሳ ተሸክመህ ታዘግማለህ። ስለዚህ በተራ እናደርገዋለን። መሃል ላይ መሄድ የፈለገ ሰው ይሄዳል፤ ግን ለኋለኛው ሰው ነግሮ ነው። ምሳ ላይ የሚቀላቀል ወንድም ካለም እንኳን ደህና መጣ፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ይገባል።

ትንፋሽ ያጠራት ደግሞ ሰነፍ ስለሆነች አልነበረም። አዲስ አበባ መሃሉ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ጫፉ ግን 3,000ን አልፎ ወደ 3,200 ይጠጋል። ጂም የሚሠራ ልጅ እዚያ ዳገት ላይ ሲቆም አይተናል። እና ፍጥነቱን የሚወስነው የደከመው ሰው ነው፤ ፊት ፊት የሚሮጡትን ቁጭ ብላችሁ ጠብቁን በሏቸው።

ወደ ሰዓት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ብር አቃጥለናል። አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ላይ «መነሻ 2:00» ብለን ጻፍን። ለኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ ምን ያሻማል? ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሚጠቀም ልጅ ግን 2:00ን ከምሳ በኋላ አድርጎ አነበበው። ከውጭ ለእረፍት የመጣች የአንዱ የአክስት ልጅም እንደዚሁ። ኮንትራት ሚኒባሱ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀ፣ እኛ እየደወልን፣ እነሱ ተኝተዋል። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በስልካችሁ 8:00» ብለን ነው የምንጽፈው። ደግሞ መነሻውን ሁለት ሰዓት ብላችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል የምትነሱ ከሆነ በሰዓቱ የመጣውን ሰው ነው የምትቀጡት። በሚቀጥለው እሱም ያረፍዳል። እኛ 15 ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ከዚያ እንሄዳለን። ሁለት ሰው ተቀይሞናል፤ ሌላው ግን በሰዓቱ መምጣት ጀምሯል።

ሰዓቱን ያህል የቀን መቁጠሪያውም ይሸውዳል። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁት «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መፈክር ነበር። 13ኛዋን ወር፣ እኛ ተራ ነገር አድርገን የምናያትን ጳጉሜን፣ ወደ መስህብ ቀየሯት። በጣም ብልህ ሐሳብ ነው። ለቀን ጉዞ አዘጋጅ ግን 13ቱም ወር እኩል አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ እንጦጦ ጭቃ ነው፤ ጉሙ ከተማዋን ይሸፍናትና ሰው የመጣበትን እይታ ሳያይ ይመለሳል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ሂዱ። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ አበባውም ገና አልጠፋም።

ቀኖቹንም እዩ። ወር በገባ በ12 የሚካኤል ነው፣ በ21 የማርያም። መስከረም 1 የራጉኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ስለሆነ የአዲስ ዓመት ቀን እንጦጦ ራጉኤል ዙሪያ ሕዝቡ ብዙ ነው። ንግሥ ማየት የሚፈልግ ሰው ቀኑን አስቦ ይሂድ፣ እጅግ ያምራል። ጸጥታ የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ቀን ይምረጥ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ከሄዳችሁ ስንቁ የጾም ይሁን። አንዴ ለ18 ሰው እንቁላል ሳንዱች አዘጋጅተን 11ዱ ጾመኛ ሆነው፣ ከመንገድ ዳር በገዛነው ቆሎና ሙዝ ነው የዋሉት። ተጓዦቻችሁ ውስጥ ሙስሊም ጓደኞች ካሉም የሥጋውን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይሄ የአንድ መልእክት ሥራ ነው።

ቦታ አታብዙ። የመጀመሪያ ሰሞን ጉዟችን አዳዲ ማርያም፣ መልካ ቁንጥሬና ጥያ፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ነበር። በወረቀት ላይ ያምራል፤ ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ናቸው፣ ጥያ እንዲያውም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው። ግን ጥያ ስንደርስ ግማሹ ሰው መኪና ውስጥ ተኝቷል፣ ግማሹ ድንጋዮቹን በስልክ አንስቶ «እንሂድ» ይላል። ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች 20 ደቂቃ ብቻ አይተን ተመለስን። ቦታው ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የኛ ዕቅድ ነበር። አሁን አንድ ዋና ቦታ፣ ቢበዛ አንድ ትንሽ ጭማሪ ነው የምናደርገው። የተረፈው ሰዓት ለቡና ይሁን። ሰው ከዓመት በኋላ የሚያወራው ብዙ ጊዜ ቡናው ላይ የሆነውን ነው።

አንድ ቦታ ላይ ከቆያችሁ ደግሞ የምትነግሩት ነገር ይኑራችሁ። ለምሳሌ እንጦጦ ማርያም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው፣ ጥቅምት 1882 ዓ.ም.። የሚገርመው፣ ዘውዱ እዚህ ይጫን እንጂ ከተማው አስቀድሞ ወደ ታች መንሸራተት ጀምሮ ነበር። እንጦጦ ብርድ ነው፣ ማገዶም አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ታች ፍልውሃውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡለት ያን ሜዳ ነው። ዛሬ ዙሪያውን የምታዩት ባሕር ዛፍም የአገሩ ዛፍ አይደለም፤ የማገዶውን ችግር ለመፍታት በምኒልክ ዘመን የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ይሄን ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ፣ ከተማዋን ቁልቁል እያሳያችሁ ንገሯቸው። ማንም ስልክ አይነካም። በ2013 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም እዚያው ነው፤ ፈረስ፣ ብስክሌት፣ ካፌ ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ግን ሁለቱን በአንድ ከሰዓት አትጨፍልቁ።

ለኛ ሠፈር ሰው ደግሞ ከእንጦጦም የሚቀርብ አለ፦ የካ ኮረብታ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል። ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአፈ ታሪክ የአብርሃና አጽብሃ ሥራ ነው ይባላል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ወደ 12ኛውና 13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። ላሊበላ ሄዶ የማያውቅ ጓደኛ እዚያ ስትወስዱ ፊቱን እዩት። «ይሄ አዲስ አበባ ውስጥ ነው?» ይላል፤ እስካሁን ያላለን የለም። ቅዱስ ቦታ ስለሆነ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ የሚወልቅበትን ጠይቁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህናቱን አስፈቅዱ።

ገንዘቡን በአጭሩ፦ ቀብድ ያልከፈለ ሰው አልተመዘገበም። «እመጣለሁ» ከሚሉት መካከል ስንቱ እንደሚቀር እናንተም ታውቁታላችሁ። ቀብዱ የሚመለስበትንና የማይመለስበትን ቀን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ሂሳቡንም ከጉዞው በኋላ ግሩፑ ላይ ልቀቁት። ትርፍ መያዝ ነውር አይደለም፣ ተደብቆ ሲያዝ ነው ነውሩ። ከከተማ የሚወጣ ጉዞ ከሆነ ደግሞ ስለ መንገዱ በዚያው ሳምንት የተመላለሰበትን ሹፌር ጠይቁ፤ አያስኬድም ካለ ሰርዙና ብሩን መልሱ። እኛ ሁለት ጊዜ ሰርዘናል፤ የሹፌሩን ቀብድ ከኪሳችን ነው የከፈልነው።

ስልክን በተመለከተ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ካርታውን ማታ ቤት ሆናችሁ አውርዱት። ለግሩፑ ሁለት ፓወር ባንክ ይበቃል፤ አንዱ ከኋለኛው ሰው ጋር ይሁን። የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ደግሞ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይ ይጻፍ።

የመመለሻ ሰዓትንም ከመነሻው እኩል ንገሩ። እዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመሻል። ስለዚህ የኛ ሕግ 10 ሰዓት ላይ ፊትን ወደ ታች ማዞር ነው፤ የትም እንድረስ፣ ምንም ያምር። ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ስም እንጠራለን፣ መገናኛ ላይ እንጠራለን፣ መሪ ስንደርስ ለመጨረሻ ጊዜ። ቤቱ የገባ ሰው ግሩፑ ላይ «ገባሁ» ብሎ ይጽፋል።

ያቺ ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ ተመዘገበች። ቀብዱን የላኩት እናቷ ናቸው።