ፍርድ የማይሰጥ ሹም

ደመወዝ ይጨመር፥ አይጨመር በማለት የሠራተኛ ማኅበርና ድርጅት በተካረሩ ጊዜ ሰው ሁሉ ዳኛው ማነው ብሎ ይጠይቃል። ነገር ግን እንዲህ ላለው የወል ክርክር አንዱ ወገን ሲያመለክት መንግሥት የሚመድበው አስማሚ የተባለውን ሹም ነው። (አንድ ሠራተኛ ያለ አግባብ ተሰናበትሁ ቢል ግን ነገሩ የፍርድ ቤት ነው።)

አስማሚው አይፈርድም፤ አይቀጣም። እንደ አገር ሽማግሌ እርግማን እንኳ የለውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሰጠው 30 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ በእርግጥ ስንት ሊከፍል እንደሚችል፥ የማኅበሩ መሪም ምን ይዞ ቢመለስ አባላቱ እንደሚቀበሉት መርምሮ ማወቅ አለበት። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን የተጋነነ መሆኑ የታወቀ ነው።

ካልተስማሙ ምክንያቱን ዘርዝሮ ሪፖርት ያቀርባል፤ ግልባጩም ለሁለቱ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አንደኛው ወገን ጉዳዩን ወደ ቦርድ ሊወስደው ይችላል። የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ይመስለኛል። «አልተስማሙም» ብሎ መፈረም ለማንም አይከብድም፤ በየትኛው ነጥብ፥ በስንት ብር እንደ ተለያዩ መጻፍ ግን ዕውቀት ይጠይቃል።

የሚያስገርመው፥ ይህ ሹም ራሱ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆነ በዚሁ አዋጅ አይተዳደርም፤ ለገዛ ደመወዙ አስማሚ የሚመድብለት የለም።