እርስዎ ገበያ ላይ ሳሉ ቤት የሚደወል ስልክ፦ ስምዎንና ቤተሰብዎን ከአጭበርባሪ መጠበቅ

ከባቢሌ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ከዱብሉቅ ወደ ሞያሌ፣ ከሚሌ ወደ ጋላፊ ከብት የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ከቤቱ ርቆ ብዙ ቀን ያሳልፋል። ስልኩ አንዳንዴ ኔትወርክ ያጣል፣ አንዳንዴ ባትሪው ያልቃል። አጭበርባሪ የሚጠብቀው ይህንን ሰዓት ነው። ለባለቤትዎ ወይም ለእናትዎ ይደውልና «ኬላ ላይ ተይዟል፣ ከብቱ ሊወረስ ነው፣ ቅጣቱ አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ይግባ» ይላል። ሙሉ ስምዎን ያውቃል፣ የመኪናውን ሰሌዳ ያውቃል፣ ስንት በሬ እንደጫኑ ያውቃል፣ የልጅዎን ስም ሳይቀር ይጠራል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ውሸታም ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

መረጃውን ያገኘው በአስማት አይደለም። የእኛ ንግድ ወረቀት የሚበዛበት ንግድ ነው። የመታወቂያ ኮፒ ለትራንዚተሩ፣ የንግድ ፈቃድ ኮፒ ለደላላው፣ የጤና ሰርተፊኬት ለሾፌሩ፣ ስምና ስልክ ለኬላው መዝገብ ይሰጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተበላሽቶ የተጣለው ቅጂ ለማን እንደሚደርስ አይታወቅም። ከዚያ ላይ የዋትሳፕና የቴሌግራም የገበያ ግሩፖች አሉ። «ነገ 40 በሬ ይዤ እወጣለሁ» የሚል መልእክት ለገዢ ጥሩ ማስታወቂያ ነው፤ ለሌባ ደግሞ ቤትዎ ባዶ የሚሆንበት ቀንና ኪስዎ የሚሞላበት ሰዓት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ጥሪ የሚሠራው መድኃኒት ርካሽ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው፣ ውጭ ሰው የማያውቀው አንድ ቃል ይኑራችሁ። አያት ያረቧት የነበረችው ላም ስም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ በስልክ ያልተጻፈ፣ ፌስቡክ ላይ ያልወጣ ይሁን። ገንዘብ የሚጠይቅ ጥሪ ሲመጣ ቃሉ ይጠየቃል። ካልተመለሰ ስልኩ ይዘጋል፤ ከዚያ አብሮዎት ለሚጓዝ ሰው ይደወላል። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት የሾፌሩንና የአንድ የሥራ ባልደረባ ቁጥር ለቤት መተው አስፈላጊ ነው። ለሽማግሌዎች ይህን ሲያስረዱ «ገንዘብ ባለመላክሽ አልቆጣም» ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው። አብዛኛው እናት የምትልከው ደዋዩን አምና ብቻ አይደለም፤ ልጄ እውነት ታስሮ ቢሆንስ ብላ ስለምትፈራ ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይመጣል። ዓረብ አገር የምትሠራ ልጅ ወይም እህት የኢሞ ወይም የዋትሳፕ አካውንቷ ይጠለፍና በእሷ ፎቶና ስም «አባዬ፣ ችግር ገጥሞኛል፣ ለዚህ ሰው ላክልኝ» የሚል መልእክት ይደርሳል። ያኔም ቃሉ ይሠራል፤ ድምጿን መስማትም ይረዳል።

አካውንት የሚጠለፈው ብዙ ጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ ዋትሳፕ ከፍቶ የእርስዎን ቁጥር ያስገባል። ዋትሳፕ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ወደ እርስዎ ይልካል። ከዚያ ሌባው በሚያውቁት ነጋዴ ስም፣ ያን ነጋዴ አስቀድሞ ጠልፎት ስለሆነ፣ «በስህተት ወደ አንተ ኮድ ተልኮብኛል፣ ላክልኝ» ይላል። ኮዱን ሲሰጡ አካውንትዎን ሰጡ ማለት ነው። ቀጥሎ ለጅዳና ለዱባይ ገዢዎችዎ «የባንክ ቁጥሬን ቀይሬያለሁ» የሚል መልእክት በእርስዎ ስም ይሄዳል። በአረፋ ሰሞን፣ በግ በመርከብ ተጭኖ ገንዘብ በሚጠበቅበት ወቅት፣ እንዲህ ያለ አንድ መልእክት የዓመት ትርፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል። መከላከያው ዋትሳፕ ቅንብር ውስጥ ገብቶ፣ አካውንት የሚለውን ከፍቶ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራትና የራስ ሚስጥር ቁጥር ማውጣት ነው። ቴሌግራምም ተመሳሳይ አለው። ከገዢዎ ጋርም አስቀድመው ይስማሙ፦ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በጽሑፍ ብቻ አይታመን፣ ተደውሎ በድምፅ ይረጋገጥ።

ከዚህ የከፋው የሲም ካርድ ስርቆት ነው። ሌባው በእርስዎ መታወቂያ ኮፒ «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ በቁጥርዎ አዲስ ሲም ያወጣል። የእርስዎ ሲም ወዲያው ይሞታል፤ ከዚያ የባንኩም የሞባይል ገንዘቡም ኮድ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ከተማ ያለ ሰው ኔትወርክ ሲጠፋበት ይደነግጣል። እኛ ግን ሞያሌ ላይ የኢትዮጵያና የኬንያ ኔትወርክ ሲጠላለፍ፣ በረሃ ላይ ጭራሽ ሲጠፋ ስለለመድን «ይመጣል» ብለን እንተኛለን። መለያው ቀላል ነው። አጠገብዎ ያለ፣ ያው ኩባንያ ሲም ያለው ሰው ኔትወርክ ካለውና እርስዎ ከሌለዎት፣ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩ። ካልመጣ በእሱ ስልክ ወደ ራስዎ ቁጥር ይደውሉ። የእርስዎ ስልክ ጭጭ ብሎ እዚያ ከጠራ ቁጥርዎ ሌላ እጅ ገብቷል። በዚያው ደቂቃ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለቴሌብር በ127፣ ከዚያም ለባንክዎ ደውሎ ማዘጋት ነው።

የኬንያ መስመር ያላችሁ ደግሞ በሳፋሪኮም *100*100# ደውላችሁ ሲማችሁ በወኪል እንዳይቀየር ማድረግ ትችላላችሁ። በ*106# በመታወቂያችሁ ስንት ቁጥር እንደተመዘገበ ይታያል። የማታውቁት ቁጥር ካለ ባለቤቱ ሌላ፣ ተጠያቂው ግን እናንተ ናችሁ። ከኩባንያው ነኝ የሚል ጥሪ ከ0722000000 ካልመጣ አትመኑት።

ሌላም ተንኮል አለ። ደዋዩ «ኔትወርክህን ላስተካክልልህ» ብሎ በ*21* የሚጀምር ቁጥር እንዲመቱ ያዛል። ይህ ጥሪዎን ሁሉ ወደ ሌላ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። የመቱት ካሉ ##002# ይምቱ፤ ማዞሩ ይሰረዛል።

ሚስጥር ቁጥርን በተመለከተ እውነቱን እንነጋገር። ከመካከላችን አማርኛም እንግሊዝኛም ስዋሂሊም ማንበብ የማይችሉ፣ ግን መቶ በሬ በቃላቸው የሚገዙ ሰዎች አሉ። ስልካቸውን ለወኪሉ ወይም ለሱቅ ልጅ ሰጥተው «አንተ ምታልኝ» ይላሉ። ይህን ማውገዝ ጥቅም የለውም። የሚሻለው ከቤት አንድ የሚያነብ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ተማሪ ልጅ፣ መምረጥና ቁጥሩን ባለቤቱ ራሱ በጣቱ እንዲመታ አራቱን ወይም ስድስቱን አሃዝ መለማመድ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ሁለት መስመር መያዝ ነው፦ አንዱ ለገበያ፣ ለግሩፕና ለደላላ የሚሰጥ፣ ሌላው ማንም የማያውቀው፣ ገንዘብ ብቻ የሚገባበት። የሽያጩ ገንዘብ እንደገባ ወደ ባንክ ይሻገር። ገቢ መደረጉንም በመልእክት አይመኑ፤ የውሸት መልእክት መጻፍ ቀላል ነው። *127# ደውለው ወይም መተግበሪያውን ከፍተው ቀሪ ሒሳብዎን ሳያዩ ገመዱን አይልቀቁ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ በእኔ እይታ ነጋዴ በጣም የሚዘናጋው እዚህ ነው። የፋይዳ ቁጥር ባለ 12 አሃዝ ነው፤ ባንክ ሒሳብ ለመክፈትም ለሌላ አገልግሎትም እየተጠየቀ ነው። ማንነትዎ ሲረጋገጥ ኮድ ወደ ተመዘገበው ስልክዎ ይመጣል። ያን ኮድ መስጠት «እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ» ማለት ነው። ስለዚህ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ካልቆሙ ወይም ራስዎ ካልጀመሩት ለማንም አይሰጥም። ፋይዳ ላይ ያስመዘገቡት ቁጥር ከተዘጋ ወይም ለሌላ ሰው ከሰጡት ቀድመው ያስቀይሩ።

የሚሰጡት ኮፒ ላይ ሁሉ ጽሑፉን አቋርጦ በእስክሪብቶ «ለዚህ ጭነት ብቻ» ብለው ቀኑንና የተቀባዩን ስም ይጻፉ። አንዳንድ ደላላ ይስቅብዎታል፤ ይሳቅ። በሬዎ ላይ ምልክት የሚተኩሱት ሌላ በረት ውስጥ ሲገኝ እንዲታወቅ አይደለም? በስልክ የላኩትንም ፎቶ ሥራው ሲያልቅ እንዲያጠፉት ይጠይቁ።

ፈቃድ ማዋስ ደግሞ የራስን ስም በራስ እጅ ማሰረቅ ነው። «ለአንድ ጭነት ብቻ ፈቃድህን ስጠኝ» የሚለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። የንግድ ፈቃድን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት በሕግ የተከለከለ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ከብቱ በስምዎ ወጥቶ ዶላሩ ሳይገባ ቢቀር ባንኩ የሚጠይቀው ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። የግብሩም ጥያቄ እርስዎ ቤት ይመጣል። «እኔ አይደለሁም» ማለት ማኅተምዎና ፊርማዎ ባለበት አያዋጣም።

ልጆችን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ። ስልክዎን ለጨዋታ ሲሰጡ የገንዘብ መተግበሪያው በራሱ ሚስጥር ቁጥር የተቆለፈ ይሁን፤ የልጆች ፎቶ ከትምህርት ቤታቸው ስም ጋር የገበያ ግሩፕ ላይ አይውጣ።

ጉዳቱ ከደረሰ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ሲሙና ሒሳቡ ይዘጋል። ቀጥሎ ለሸሪኮችዎ፣ ለገዢዎችና ለቤተሰብ በሌላ ስልክ ተደውሎ በስምዎ ለሚመጣ መልእክት ገንዘብ እንዳይላክ ይነገራል። መልእክቶቹ አይጥፉ፤ ለፖሊስ ማስረጃ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አሉ፤ ኬንያ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ የመረጃ ጥበቃ ሕግ አለ፣ አቤቱታ የሚቀበል ኮሚሽነርም አላት። «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ ብዙ ጊዜ ያው ሌባ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ያመለከቱበትን ቀንና ቁጥር የያዘ ማስረጃ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ዋናውንም ቤት ያስቀምጡ። ሌባው በስምዎ የሞባይል ብድር፣ ቴሌብር ላይ ወይም ኬንያ ውስጥ እንደ ኤም-ሽዋሪና ፉሊዛ ያለውን፣ ወስዶ ከሆነ የዕዳው ጥያቄ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ቁጥሩ ከእጅዎ ውጭ እንደነበረ የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።