ባሕር በሚሞላበትና በሚሸሽበት የወንዝ አፍ የፎቶግራፍ ጥበብ

ወንዝ ረዥም መንገዱን ፈጽሞ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ፥ ምድሩ ዝቅ ያለና ለጥ ያለ ሜዳ የሆነ እንደ ሆነ፥ ከላይ የወረደው ውሃና ከባሕር የመጣው ጨዋማ ውሃ በየዕለቱ የሚገፋፉበት ሰፊ አፍ ይከፈታል። በሙላቱ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ባሕር ሆኖ የታየው ስፍራ፥ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ውሃው ሲሸሽ፥ ጀልባው ሁሉ በጭቃ ላይ የተቀመጠበት፥ ወፉ ሁሉ ምግቡን የሚለቅምበት ሜዳ ሆኖ ይገኛል። ተራራን ዛሬ ያላነሣ ፎቶግራፍ አንሺ ነገ ተመልሶ በዚያው ቦታ ያገኘዋል፤ የወንዝ አፍ ግን መልኩን ከሰዓት ወደ ሰዓት የሚለውጥ ስለ ሆነ፥ በዚህ ሥራ ስማቸው ለትውልድ የተላለፈው ሰዎች ከመሣሪያቸው ጥራት ይልቅ የውሃውን ሰዓት በማወቃቸውና በስፍራው ተቀምጠው በመኖራቸው የተለዩ ናቸው። ይህንንም ለማስረዳት ነገሩ በብዛት የተሠራበትን የእንግሊዝን ምሥራቃዊ ጠረፍ፥ በተለይም ከኖርፎክ እስከ ኤሴክስ ያለውን አገር እንመለከታለን፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሥርዐቱ ዋና ምክንያት ጨረቃ ናት። የባሕሩን ውሃ በስበቷ የምታስነሣው በይበልጥ እርሷ ስለ ሆነች፥ ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስለዚህ ትናንት ጎሕ ሲቀድ የሞላው ባሕር ዛሬ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይሞላል። ሠርቀ ጨረቃ በሆነ ጊዜና ጨረቃ ሙሉ በሆነች ጊዜ፥ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡ፥ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ታላቁ ሙላትና ታላቁ ሽሽት ይሆናል፤ ጨረቃ እኩሌታዋ ብቻ በምትታይበት ጊዜ ግን የውሃው መውጣትና መውረድ ያንሳል። ባሕረ ሐሳብን የተማረና ሌሊቱን በጨረቃ መቍጠር የለመደ የአገራችን ሰው፥ በዕድሜው ባሕር አይቶ ባያውቅ እንኳ፥ የዚህን ሥርዐት እኩሌታ አስቀድሞ ያውቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሙላቱ ልክ እንደ ስፍራው ይለያያል፤ በምዕራብ እንግሊዝ በሰቨርን አፍ በታላቁ ሙላት ጊዜ የውሃው ከፍታና ዝቅታ ልዩነት እስከ 14 ሜትር ሲደርስ፥ በምሥራቁ ጠረፍ ከዚያ በብዙ ያንሳል፤ ነገር ግን ምድሩ እጅግ የተስተካከለ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ሜትር ብቻ ዝቅ ያለ ውሃ እጅግ ሰፊ የሆነ ጭቃ ገልጦ ይሄዳል።

ከውሃው ቀጥሎ የሚታሰበው ብርሃን ነው። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ ወር እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ ከ55 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ ስትታይ፥ በኖርፎክ በዚያው ወር ቀትር ላይ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፥ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ከጎን የሚመጣና ጥላው የረዘመ ነው፤ በእኛ አገር ጧትና ማታ ብቻ የሚገኘው ለስላሳ ብርሃን በዚያ ሰማዩ በጠራ የክረምት ቀን ከጧት እስከ ማታ ይገኛል። እርጥብ ጭቃ ደግሞ ሰማዩን መልሶ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ፀሐይ ከፊት ለፊት በሆነች ጊዜ ጭቃው ሁሉ እንደ ቀለጠ ብር ያበራል። በዚህ ጊዜ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ይታለልና ሥዕሉን ያጠቍረዋል፤ ስለዚህ ዐዋቂው መለኪያው ከሚያዘው ይልቅ ብርሃን ጨምሮ ያነሣል፥ ወይም ወፎቹና ጀልባዎቹ እንደ ጥላ ጠቍረው እንዲቀሩ በማሰብ መለኪያውን ይታዘዛል። ሁለቱም መንገድ መልካም ነው፤ ጕዳቱ አንዱንም ሳያስቡ መተኰስ ነው።

በዚህ አገር ፎቶግራፍን ወደ ጥበበ ሥዕል ማዕርግ ለማድረስ አብልጦ የደከመው ሰው ፒተር ሄንሪ ኤመርሰን ነው። በ1856 በኩባ ደሴት ተወልዶ፥ በኋላ ወደ እንግሊዝ መጥቶ ሕክምና ተማረ፤ ነገር ግን ሕክምናውን ትቶ ልቡን ለፎቶግራፍ ሰጠ። በ1886 ከሠዓሊው ከቶማስ ጉዳል ጋር ሆኖ ስለ ኖርፎክ ረግረግና ሐይቆች ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ በፕላቲነም የታተሙ 40 ፎቶግራፎች አሉበት፤ ከእነዚህም መካከል አንድ ወንድና አንዲት ሴት በታንኳ ሆነው የውሃ አበባ ሲለቅሙ የሚያሳየው ሥዕል እስከ ዛሬ ከፎቶግራፍ ታሪክ መጻሕፍት ያልተለየ ነው። በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ለነገራችን እጅግ የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም ከግሬት ያርመዝ ከተማ በስተ ኋላ ያሉት ወንዞች ተገናኝተው በሚሠሩት በብሬይደን የውሃ አፍ ላይ፥ ቤት በሆነች ጀልባ እየኖረ፥ የአዳኞቹን፥ የዓሣ አጥማጆቹንና የወፎቹን ኑሮ የጻፈበትና ያነሣበት ነው።

የኤመርሰን ትምህርት በአጭሩ ይህ ነበር፤ የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ሁሉን አጥርቶ አያይም፥ ትኵር ብሎ የሚመለከተውን ብቻ አጥርቶ የቀረውን በዝግታ ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ፎቶግራፍም ዋናውን ነገር አጥርቶ ዙሪያውን በመጠኑ ሊያለሰልስ ይገባዋል። በዚያን ዘመን ብዙ ሥዕሎችን ቈራርጦ በማጣመር አንድ ትርኢት መፍጠር የተመሰገነ ሥራ ነበርና፥ ኤመርሰን ይህን አጥብቆ ነቀፈ፤ ሰዎቹ በገዛ ሥራቸው ላይ፥ በገዛ ልብሳቸው፥ በገዛ አገራቸው ብርሃን ይነሡ አለ። የራሱን ትምህርት በ1889 በመጽሐፍ ካወጣ በኋላ ብዙ ሳይቈይ ፎቶግራፍ ጥበበ ሥዕል አይደለም ብሎ ቃሉን መልሶ መካዱ የታወቀ ነው። እኔ ግን ከክሕደቱ ይልቅ ሥዕሎቹን አምናለሁ፤ በብሬይደን ጉም ውስጥ አድማሱ ከውሃው ሳይለይ የቀረበትን ሥዕል ያየ ሰው፥ ሠሪው ጥበበኛ መሆኑን ለማመን ሌላ ምስክር አያሻውም።

ወደ ሰሜን በዮርክሽር፥ በኤስክ ወንዝ አፍ ባለችው በዊትቢ የኖረው ፍራንክ ሚዶው ሰትክሊፍም ከዚህ ማኅበር የሚቈጠር ነው። የሚተዳደረው የከተማውን ጎብኚዎች መልክ በማንሣት ስለ ነበረ ከሱቁ ርቆ መሄድ አልቻለም፤ ከዚህም የተነሣ በ1886 ልጆች ራቍታቸውን ሆነው በጀልባ ዙሪያ ሲጫወቱ ያነሣውን ሥዕል ጨምሮ፥ ታላላቆቹ ሥራዎቹ ከዚያችው ወደብ የተገኙ ናቸው። እንቅፋት የመሰለው እስራት ለእርሱ ጸጋ ሆነለት።

ስለ ጀልባዎቹም ጥቂት እንበል። በኖርፎክ ውስጥ ዌሪ የምትባለው የጭነት ጀልባ አንድ ምሰሶና አንድ ትልቅ ጥቍር ሸራ ብቻ ያላት ናት፤ በ1898 የተሠራችው አልቢዮን እስከ ዛሬ ተጠብቃ በሸራ ትሄዳለች። ወደ ደቡብ በኤሴክስ፥ በብላክዎተር ወንዝ አፍ ባለችው በሞልደን ወደብ የሚታየው ግን የቴምዝ ባርጅ ነው። ይህ ጀልባ ወለሉ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ፥ ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ሳይጋደም በጭቃው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ በግራና በቀኝ ጎኑም እንደ ክንፍ የተሰቀሉ ሰፋፊ ሳንቃዎች አሉት፥ እነዚህም በነፋስ ጊዜ ወደ ውሃው እየወረዱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ያደርጉታል። ሸራው ቀይ አፈርና የዓሣ ዘይት እየተቀባ የሚለፋ ስለ ነበረ መልኩ እንደ ሸክላ የቀላ ነው። ለለንደን ፈረሶች ድርቆሽ ከምሮ የሚጓዘውን ይህን ታላቅ ጀልባ አንድ ሰውና አንድ ልጅ ብቻ ይነዱት ነበር፤ በሸራ ብቻ ጭነት ማመላለስ ያቆመችው የመጨረሻይቱ ባርጅ፥ በ1906 የተሠራችው ካምብሪያ፥ ሥራዋን የፈጸመችው በ1970 ነው። ፎቶግራፍ አንሺው እነዚህን በሙላት ጊዜ ሸራቸውን ዘርግተው ሲሄዱ ማንሣት ይወዳል፤ እኔ ግን ውሃው ሸሽቶ የቀለማቸው መላላጥ፥ የመልሕቃቸው ሰንሰለት በጭቃው ላይ የሳለው መስመርና ከሥራቸው የቀረው ትንሽ የውሃ ኵሬ በሚታይበት ሰዓት ይበልጥ ይናገራሉ እላለሁ። በዚያው ወንዝ አፍ ዳር ለቅዱስ ጴጥሮስ የተሠራ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቅዱስ ኬድ በ654 ገደማ ከፈረሰ የሮማውያን ምሽግ ድንጋይ እየለቀመ ያሠራው ነው፤ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ስለ ሆነ፥ አድማሱን የሚይዝ ነገር ለሚሻ ዓይን ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

አዕዋፍን ማንሣት ከጠመንጃ በኋላ የመጣ ሥራ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ብርቅ የሆነች ወፍ ብሬይደን ላይ ከታየች ዕድሏ ተገድላ፥ ቆዳዋ ተሞልቶ፥ በመስተዋት ሣጥን መቀመጥ ነበር። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ ሁለት ወንድማማች በ1895 ስለ ወፍ ጎጆ ያሳተሙት መጽሐፍ፥ ሥዕሉ ሁሉ በካሜራ በቀጥታ ከተፈጥሮ የተነሣ መሆኑ አዲስ ነገር ሆነ፤ ወፎቹን ሳያስበረግጉ ለመቅረብም ውስጡ ክፍት የሆነ የበሬ ምስል አሠርተው በሆዱ ውስጥ ተደብቀው እስከ ማንሣት ደርሰዋል። ወይዘሪት ኤማ ተርነር ደግሞ በኖርፎክ ሂክሊንግ ሐይቅ ላይ በጀልባ ቤት እየኖረች፥ በእንግሊዝ መራባቱን አቁሞ የነበረው ቢተርን የተባለው የሸምበቆ ወፍ መመለሱን በ1911 ጫጩቱን አንሥታ አስመሰከረች። አቮሴት የሚባለው፥ መንቍሩ ወደ ላይ የጐበጠው ነጭና ጥቍር ወፍም ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ከጠፋ በኋላ በ1947 በሰፎክ ጠረፍ ተመልሶ መራባት ጀመረ፤ ዛሬ በጎጆው ላይ ሳለ ያለ ፈቃድ ማስበርገግ በሕግ የተከለከለ ነው።

ትርኢቱ የሚደምቀው ግን በክረምት ነው። በዎሽ ባሕረ ሰላጤ በስኔቲሻም፥ ከግሪንላንድና ከሰሜን ካናዳ የሚመጡት ኖት የሚባሉ ትናንሽ ወፎች በአሥር ሺሕ እየተቈጠሩ ጭቃውን ይለቅማሉ። ሙላቱ ሲገባ ሜዳቸው ከእግራቸው ሥር እየጠበበ ይሄዳል፤ ወፎቹም እየተጠጋጉ፥ እየተጨናነቁ፥ የኋለኛው ፊተኛውን እየዘለለ፥ ምድሩን ራሱን የሚራመድ ያስመስሉታል፤ የመጨረሻዋ የጭቃ ድንበር በተሸፈነች ጊዜ በአንድነት ተነሥተው፥ አንድ ጊዜ ጀርባቸውን አንድ ጊዜ ነጩን ሆዳቸውን እያሳዩ፥ ጠረፉን ተሻግረው ወደ ውስጠኞቹ ኵሬዎች ይገባሉ። ይህን ሊያነሣ የሚሻ ሰው ሙላቱ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ በቦታው ተቀምጦ መጠበቅ አለበት፤ ሩቅ የሚያቀርብ ቴሌፎቶ ሌንስና ከሰከንድ 1/2000ኛ ያህል የሆነ የሸተር ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ወፎቹ ወደ እርሱ እንዲመጡ መተው እንጂ እርሱ ወደ እነርሱ መሄድ የለበትም። አቆስጣዎችን ለማንሣት ሰዓቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እነርሱ በአሸዋው ላይ የሚጋደሙት ውሃው በሸሸ ጊዜ ነውና።

አደጋውም አይረሳ። በኤሴክስ ፎውልነስ አጠገብ ብሩምዌይ የሚባለው በባሕር ሜዳ ላይ የሚያልፍ ጥንታዊ መንገድ በሙላቱ የተቀደሙ ብዙ ሰዎች የሞቱበት ነው፤ ውሃው ከፊት ብቻ ሳይሆን በቦዮቹ ዞሮ ከኋላም ስለሚመጣ፥ መንገድ የተዘጋበት ሰው የሚያውቀው ሲመለስ ነው። ጨውም የካሜራን አካል ይበላል፤ ከባሕር ሲመለሱ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ወዲያው መጥረግ ይገባል።

በዝዋይና በአብያታ ሐይቆች ዳር ካሜራ ይዘው ለሚዞሩ የአገራችን ወጣቶች አንድ ነገር እለምናለሁ። አቮሴትን የመሰሉ ወፎች በእኛም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይታያሉ፤ ከሩቅ ሰሜን የሚሰደዱ ብዙ የጭቃ ለቃሚዎችም ክረምታቸውን በዚያ ያሳልፋሉ። መንጋው ሲበር የሚታየው ሥዕል ያማረ ነው ብላችሁ ድንጋይ አትወርውሩ፥ እየሮጣችሁም አታስነሡ፤ ለረዥሙ የመልስ መንገዱ ያከማቸውን ስብ በከንቱ እንዲጨርስ ታደርጉታላችሁ። ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፥ ጠብቁ፤ በራሱ ጊዜ ይነሣል።