ሌሊት የሚነሣው ፓምፕ

በእንግሊዝ ቦዮች ላይ ሰው የሚኖርባቸው ጠባብ ጀልባዎች ወርዳቸው 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ጥበት ውስጥ ወጥ ቤትም ሻወርም አለ፤ ቧንቧው ሲከፈትም ውሃው በግፊት ይወርዳል። ነገሩ ሮቶና ፓምፕ ላለው የአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ከፊት በኩል ከወለሉ ሥር ታንከር አለ፤ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ይገፋል። ቧንቧ ተከፍቶ ግፊቱ ወደ 1.7 ባር ሲወርድ ፓምፑ ይነሣል፤ ተዘግቶ 2.8 ባር አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ልኩ እንደየፓምፑ ይለያያል።

እኔ ብጠየቅ ለአዲስ ባለጀልባ መጀመሪያ የማስተምረው ማዳመጥን ነው። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ፣ ሰው ተኝቶ፣ ፓምፑ ለሁለት ሴኮንድ ጥርር ብሎ ዝም ካለ፣ ቆይቶም ከደገመ፣ ውሃ አንድ ቦታ እያመለጠ ነው። ያኔ ደረቅ ሶፍት ይዞ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ከሥሩ ማበስ ነው፤ ዓይን ያላየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያል። ሁሉም ደረቅ ከሆነ ፓምፑ ውስጥ ያለው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ይጠረጠራል።

ሌላም ድምፅ አለ። አንድ ብርጭቆ እስኪሞላ ፓምፑ ነሣ ቆም፣ ነሣ ቆም ካለ ችግሩ ከግፊት በርሜሏ ነው። በርሜሏ መሃሏ በጎማ ሽፋን ተከፍሎ በአንዱ ወገን አየር፣ በሌላው ውሃ ትይዛለች፤ የታመቀው አየር እንደ ሞላ እየገፋ ፓምፑን ያሳርፈዋል። አየሩ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። ፓምፑን አጥፍቶ፣ ቧንቧ ከፍቶ ግፊቱን ከጨረሱ በኋላ በብስክሌት መንፊያ መሙላት ይቻላል፤ ልኩ ፓምፑ ከሚነሣበት ግፊት ትንሽ ዝቅ ይላል። የአየር መሙያዋ ጫፍ ሲጫን ውሃ ካወጣ ግን ሽፋኑ ተቀዷል።

ፓምፑ ሳያቋርጥ እየጮኸ ውሃ ከጠፋ፣ ታንከሩም ባዶ ካልሆነ፣ ከፓምፑ በፊት ያለችውን ማጣሪያ ማየት ነው። ቆሻሻ ዘግቷት ወይም ክዳኗ ላልቶ አየር እያስገባች ይሆናል።

የክረምቱ ብርድ ግን ድምፅ የለውም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የነሐስ መገጣጠሚያና የውሃ ማሞቂያ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጀልባውን ትቶ የሚሄድ ሰው ማሞቂያውንና መስመሩን ያንጠፈጥፋል፣ ፓምፑን ያጠፋል፣ ቧንቧዎቹንም ከፍቶ ይተዋቸዋል።