ፍሪጅ የማይጠብቅ ጠብታ

ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ የምሥራቅ ጎጃሟ ዲማ ከገባ የአንድ ጓሮ ዶሮ በቀናት ውስጥ ያልቃል። በዚህ ገጠር ዶሮ የእናት ጥሪት ናት፤ ጨውና ደብተር ከዕንቁላሉ ይገዛል፤ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ አውራው ብቸና ገበያ ይወርዳል። በሽታው መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው፤ ለአንድ ዶሮ ሲሰላ ዋጋውም ቀላል ነው። የሚከብደው ማድረሱ ነው።

የተለመደው የላሶታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ፍሪጅ፣ መብራት፣ በረዶ፣ ሞተር ሳይክል፣ የባለሙያ አበል ሲደመሩ ወጪው የክትባቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻም የሚመረተው አይ-ቱ የተባለው ዝርያ ይህን ስሌት ይለውጣል። ደርቆ በብልቃጥ ከታሸገ፣ ከብርሃን ተጠብቆ በ28 ዲግሪ ሙቀት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። የጎጃም ደጋ ደግሞ ከዚያ የቀዘቀዘ ነው፤ ተፈጥሮ የሰጠን ይህ ድጎማ በከንቱ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አሰጣጡም ቀላል ነው፦ ዶሮዋ ከቆጥ ሳትወርድ በማለዳ ትያዛለች፣ አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ጠብ ይደረጋል፣ እስክታርገበግብ ይጠበቃል። ችግሩ ብልቃጡ ላይ ነው። ባለ 100 ጠብታ ቢሆንና አንዲት እናት ስምንት ዶሮ ቢኖራት፣ 92ቱ ይደፋል፤ የተበጠበጠ ክትባት አይከርምምና። አሥራ ሁለት ጎረቤት በአንድ ማለዳ ካልተጠራ ትርፍ የለም። ስለዚህ ብልቃጡን ማሳነስ ወይም ጎረቤቱን ማደራጀት ግድ ነው።

ሙቀት የሚችል ክትባት በአካባቢው ሰው እጅ መስጠት እዚህ አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 አፋር ውስጥ ሙቀት የሚችል የደስታ በሽታ ክትባት ለሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ተሰጠ፤ ሃያ ሰዎች በአንድ ወቅት ከ70 ሺህ በላይ ከብት ከተቡ። ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የዓለም ደግሞ በ2011 ታወጀ። በክፉ ቀን የአያቶቻችንን በሬ የፈጀው ያ በሽታ ነው።

በመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ጫጩት ለየቤቱ እየታደለ ነው። ጫጩቱ በሚታደልበት በጀት ላይ ለቀበሌው ከታቢ የሚሆን ድርሻ ይያዝ፤ እርሱም ለአንድ ዶሮ ጥቂት ሳንቲም ያስከፍል። በነፃ የሚሰጥ ዘመቻ አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ ጠብታው ግን በየአራት ወሩ መደገም አለበት፤ የመጀመሪያው ዙርም ዝናብ ሳይጀምር፣ ሚያዝያ ላይ።