ከምላጩ በፊት አረፋው



ኢስላም ለንጽሕና የሰጠው ቦታ ከፍተኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የፊጥራ ተግባራት ብለው አምስት ነገሮችን ቆጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ፀጉርንና ጥፍርን የሚመለከቱ ናቸው። ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ደግሞ እነዚህ ሳይከናወኑ ከ40 ሌሊት በላይ እንዳይቆዩ ገደብ ተደርጎላቸዋል። በሐጅና በዑምራ ወንዶች ራሳቸውን ይላጫሉ ወይም ያሳጥራሉ። ሕፃን በተወለደ በ7ኛው ቀን ራሱ ይላጫል። ስለዚህ ምላጭ ከቤታችን የማይጠፋ ዕቃ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት በችኮላ ነው፤ ውጤቱም የሚያቃጥል ቆዳ፣ ማጅራት ላይ የሚወጣ ሽፍታና ደም ነው። ፂምን ስለ መላጨት የሚነሳው የፊቅህ ጉዳይ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም። የምናየው ምላጭ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ቆዳን ከጉዳት የሚጠብቀውን አረፋ ነው።

ምላጭ ለምን ያቆስላል?

ደረቅ ፀጉር ጠንካራ ነው። ለብ ባለ ውሃ 2 ወይም 3 ደቂቃ ያህል ሲርስ ግን ውሃውን መጥጦ ይለሰልሳል፤ ለመቁረጥም ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል። የአረፋው ሥራ ይህን ውሃ በፀጉሩ ላይ ማቆየትና ምላጩ በቆዳው ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። አረፋ በሌለበት ምላጩ ከፀጉሩ ጋር የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ይፍቃል። በተለይ ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰው ሌላም ችግር አለበት። እጅግ አጥሮ የተቆረጠው ፀጉር ጫፉ ሹል ይሆንና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ብጉር የሚመስለው እብጠትም ከዚህ ይመጣል።

አረፋው እንዴት ይዘጋጃል?

የልብስ ሳሙና ለዚህ አይሆንም፤ ቆዳን ያደርቃል። የመላጫ ሳሙና ብዙውን ጊዜ በፖታሲየም የሚሠራና ስቴሪክ አሲድ የበዛበት በመሆኑ አረፋው ወፍራም ነው፤ ቶሎም አይደርቅም። የመላጫ ብሩሹን በለብታ ውሃ እናርሰውና ትርፍ ውሃውን እናራግፍ። ከዚያ ሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል እናዙረው። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ ደረቅና የሚጣበቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አረፋው ስለ በዛ ብቻ የደረሰ ይመስለዋል። በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጥቂት የውሃ ጠብታ እየጨመርን መምታታችንን መቀጠል አለብን። አረፋው እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆንና ሲያብረቀርቅ ደርሷል። በሁለት ጣት መካከል አሽተን እንሞክረው፤ ጣቶቻችን ያለ ችግር ከተንሸራተቱ ምላጩም ይንሸራተታል። ከጣበቀ ውሃ አንሶታል። ትላልቅ አረፋ ካወጣና ከወረደ ውሃ በዝቶበታል፤ ሳሙና ይጨመርበት።

አንዳንድ ቦታ ውሃው ራሱ ሳሙና እምቢ ይላል። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ የቤታችን ውሃ እንዲህ ያለ ነው ማለት ነው። አፍልቶ፣ አጥልሎና አቀዝቅዞ መጠቀም ወይም የዝናብ ውሃ መያዝ ይረዳል።

አላላጩስ?

ምላጩ ስለታም ይሁን። በፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ፣ ሳንጫን፣ በአጭር በአጭሩ እንላጭ። አረፋ የሌለበትን ቦታ አንድገመው፤ መድገም ካስፈለገ እንደገና እንቀባ። ቆዳን ወጥሮ መላጨት ፀጉሩ ወደ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። በመጨረሻ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበን በፎጣ ሳናሽ እናድርቅ። እብጠት የሚደጋገምበት ሰው በቶንዶስ አሳጥሮ መተው ይበጀዋል። በሱረቱል ፈትሕ አንቀጽ 27 መላጨትም ማሳጠርም ተጠቅሰዋልና በዚህ የሚጨነቅበት ምክንያት የለም። ዑምራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከኢሕራም የሚወጣው በመላጨቱ ወይም በማሳጠሩ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሽቶ የሌለበት ሳሙና ይምረጥ።

ምላጭ አንዋዋስ

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አረፋው የቱንም ያህል ቢያምር በዓይን የማይታይ ጭረት አይቀርም። በዚያ ጭረት የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ቫይረሶች ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ምላጩን ጠረግ ማድረግ አይበቃም። አባትና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም ቢሆኑም ምላጭ አይዋዋሱ። ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ስንቀመጥ አዲስ ምላጭ ፊታችን እንዲከፈት እንጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። በሚናና በመካ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይህ ይበልጥ ይመለከተናል። ሐጅ የሚሄዱ ወላጆቻችን ሻንጣ ውስጥ ጥቂት ያልተከፈቱ ምላጮች ብንጨምርላቸው መልካም ስንቅ ነው፤ በእጅ ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ያገለገለውን ምላጭ ደግሞ በቆርቆሮ ውስጥ ዘግተን እንጣል፤ የሕፃናትን ጣትና የቆሻሻ ሰብሳቢዎችን እጅ እናስብ።

ሰውነታችን የአላህ (ሱ.ወ.) አማና ነው። አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።