በካርቱም ምድር የጐደለው ዘመን

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ጕድጓድ የሚያስቈፍር ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ገዚራ የተባለውን ጭቃና አሸዋ ነው፤ ይህም አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ የወረደ የእኛው አፈር ስለ ሆነ፥ አንባቢያችን እንደ ባዕድ ሊመለከተው አይገባም። ከዚያ ዝቅ ሲል ዳይኖሰሮች በነበሩበት በክሪቴሺየስ ዘመን የተከማቸው፥ ዕድሜው ከ66 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጠው የኑብያ አሸዋ ድንጋይ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ግን አያሌ ሚሊዮን ዓመታት ጐድለዋል፤ ወይ ደለል አልተከማቸባቸውም፥ ወይም የተከማቸውን ነፋስና ውሃ አጥቦ ወስዶታል።

ሥነ ምድርን የሚመረምሩ ሊቃውንት ዘመናትን ሲከፍሉ እጅግ የሚጠነቀቁት እንዲህ ካለው ጕድለት ነው። በባሕረ ሐሳባችን ዘመነ ማቴዎስ አልፎ ዘመነ ማርቆስ የሚገባበት ዕለት አስቀድሞ በሒሳብ ይታወቃል፤ የምድር ዘመን ግን የሚለየው በደለሉ ውስጥ ተቀብሮ በተገኘው ምስክር ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ላየል በ1833 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) ኢዮሲን፥ ማዮሲንና ፕላዮሲን የተባሉትን ዘመናት የለየው፥ በየደለሉ ካሉት የዛጎል ዓይነቶች ዛሬም በሕይወት የሚገኙት ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ በመቍጠር ነበር። ኋላም ሊቃውንቱ እያንዳንዱ ድንበር ንብርብሩ ባልተቋረጠበት በአንድ የታወቀ ስፍራ እንዲተከል ተስማሙ፤ ስለዚህም የክሪቴሺየስ ፍጻሜ የሚነበበው በካርቱም ሳይሆን በቱኒዚያ፥ ኤል ከፍ በተባለው ስፍራ፥ በምድር ቅርፊት ብርቅ የሆነው ከሰማይ በሚወድቅ ድንጋይ ግን የሚበዛው ኢሪዲየም በተገኘበት ስስ የሸክላ አፈር ላይ ነው።

እኛ ያለንበት የሆሎሲን መነሻ ደግሞ፥ ከ11,700 ዓመት በፊት፥ በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ በ2008 ተወስኗል። የዚህን ዘመን ጠባይ ግን ካርቱም ራሷ ትመሰክራለች፤ በ1944 እና በ1945 የጥንት ቅርስ መርማሪው አርኬል በከተማው ሆስፒታል አጠገብ ባስቈፈረው ስፍራ ሞገድ መሳይ መስመር የተጫረበት የሸክላ ዕቃ፥ ከአጥንት የተሠራ የዓሣ መውጊያና ረግረግ የሚወዱ እንስሳት አፅም ስለ ተገኘ፥ ያን ጊዜ ወንዙ ከዛሬው ከፍ ብሎ ይሞላ፥ ዛሬ በረሃ የሆነውም አገር ይለመልም እንደ ነበር ታወቀ።

ሊቃውንቱ በ2018 ሆሎሲንን በሦስት ሲከፍሉ፥ የመጨረሻውን ክፍል ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት በደረሰ ድርቅ አስጀምረው፥ ምልክቱ በሕንድ አገር በመጋላያ ግዛት ባለ ዋሻ ድንጋይ ስለ ተነበበ መጋላያን አሉት። ይህን የተቃወሙ ሊቃውንት አሉ፥ እኔም ተቃውሟቸው ቀላል አይመስለኝም፤ የሰሐራ መድረቅ ከስፍራ ወደ ስፍራ በልዩ ልዩ ጊዜ በሺህ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ የደረሰ ስለ ሆነ፥ የሱዳንን በረሃ መጀመሪያ በሕንዱ ዋሻ ቀን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።